ትርፍ የመሰለችው ሽቦ

የጫጩት መፈልፈያው ማሽን ሰሌዳ ሠላሳ ሰባት ተኩል ዲግሪ ይላል። ቅድስት ከትምህርት ቤት ተውሳ ያመጣችው የመስታወት ቴርሞሜትር ግን እዚያው እንቁላሎቹ መሃል ተቀምጦ ሠላሳ አምስት ላይ ቆሟል።

«ያንቺው አርጅቶ ነው» አለ የክፍል ጓደኛዋ ማቴዎስ። የመፈልፈያውን የሙቀት መለኪያ ሴንሰር ገመድ ያስረዘመው እሱ ነው። ሲናገር ግን ዓይኗን አላያትም።

በረንዳው ላይ የማሽኑ ባለቤት፣ የቅድስት አክስት መዓዛ፣ ለእህቷ በስልክ ትማረራለች። እንቁላሎቹን በባትሪ ብርሃን ስታያቸው ጫጩቶቹ በጊዜያቸው አላደጉም።

«ቦጋለች የከረመ እንቁላል ነው የሸጠችልኝ! ቅዳሜ ለመካነ ኢየሱስ ገበያ ሁሉ ባልናገርባት!»

ቅድስት ገመዱን በጣቷ ተከተለች። ከሴንሰሩ ሦስት ሽቦዎች ይወጣሉ፤ የማሽኑ መቆጣጠሪያ ጋ የደረሱት ሁለት ብቻ ናቸው።

«ሦስተኛዋስ?»

ማቴዎስ አንገቱን አከከ። «ሽቦ አጠረኝ። ሁለቱ ቀያይ ስለሆኑ አንዷ ትርፍ መሰለችኝ። መቆጣጠሪያው ላይ የእሷን ቦታ ከጎኗ ካለው ጋር በአጭር ሽቦ አገናኘሁትና ቁጥር ሲያሳይ ዝም አልኩ።»

«ትርፍ አይደለችም እኮ! ሴንሰሩ ውስጥ ቀጭን የፕላቲኒየም ሽቦ አለ። በሞቀ ቁጥር ሬዚስታንሱ፣ ኤሌክትሪክ የመቋቋም አቅሙ፣ ይጨምራል፤ ማሽኑም ሙቀቱን የሚያውቀው እሱን ለክቶ ነው። አንተ የቀጠልከው ሽቦም የራሱ ሬዚስታንስ አለው። ማሽኑ እሱንም ሙቀት መስሎት ማሞቂያውን ቶሎ ያጠፋዋል። ሦስተኛዋ ማሽኑ የገመዱን ሬዚስታንስ ለይቶ እንዲቀንስ ነው የምትረዳው።»

«በመስታወቱ ብቻ ብንለካስ?»

«መስታወቱ ማሞቂያ ያጠፋል እንዴ? ፕላቲኒየሙ ግን ለዓመታት ልኩን አይስትም፤ እኛ ካላሳሳትነው።»

ማቴዎስ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አሁኑኑ እቀጥላታለሁ። ለእትዬ ግን እንዳትነግሪያቸው፣ በናትሽ። ሁለተኛ ሽቦ አያስነኩኝም።»

ከበረንዳው የቦጋለች ስም ደግሞ ተሰማ።

«መጀመሪያ ቀጥላት» አለችው ቅድስት።

ሽቦዋ ስትገናኝ ሰሌዳው ወደ ሠላሳ አምስት ወረደ፤ ማሞቂያውም በራ። ሁለቱም ሳያስቡት ሳቁ። ከዚያ ቅድስት በሩን ከፈተችለት።

«አብሬህ እወጣለሁ። የምትናገረው ግን አንተ ነህ።»

ማቴዎስ እየተንተባተበ ተናገረ። መዓዛ ስልኩን ዘጋች።

«ጫጩቶቹ ሞተዋል?»

«የሚንቀሳቀሱ አሉ፣ እትዬ። ዘግይተው ነው እንጂ» አለች ቅድስት።

«ተመስገን!» መዓዛ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። ማቴዎስን ስታየው ግን ፊቷ አልተኮሳተረም። «ጠዋት እኮ ቦጋለች ደጅ ድረስ ሄጄ ነው የሰደብኳት። አሁን በምን አፌ ላናግራት?»

ቅድስት የራሷን ነጠላ ከልብስ ማስጫው ገመድ ላይ አወረደች።

«ብቻዎን አይሄዱም፣ እትዬ።»

ማቴዎስም ጎንበስ ብሎ የጫማውን ማሰሪያ አጠበቀ።