የመጪው ማክሰኞ ገጽ

የሬዲዮ ጣቢያው ጸሐፊ ማክሰኞ ጠዋት የመዝገብ ቤቱን በር ስትከፍት፣ የ«ዛሬ በታሪክ» አዘጋጅ የሆኑትን ሽማግሌ ከመሰላሉ ሥር በግንባራቸው ተደፍተው፣ ሞተው አገኘቻቸው። አጠገባቸው ከዓመታት በፊት በዚሁ ቀን የወጣ የድሮ ጋዜጣ ጥራዝ ተዘርግቷል። ጮኻ ሰው ጠራች።

ሁሉም ከመሰላል ወድቀው ነው አለ። የመጣችው መርማሪ ግን ጎንበስ ብላ ማጅራታቸውን አየች። ሰውየው የወደቁት በፊታቸው፣ የተፈነከቱት ከኋላቸው ነው።

ትናንት ከሥራ መውጫ በኋላ ከሟቹ ጋር የቀሩት ሦስት ሰዎች ነበሩ፤ ጸሐፊዋ፣ መዝገብ ቤት ጠባቂውና ዝግጅቱን በሬዲዮ የሚያነበው ዝነኛው አንባቢ። ጸሐፊዋ ከሁለቱ አንዱ ገዳይ መሆኑን ስታስብ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘች፤ ስትጠየቅም ምንም አላውቅም አለች።

ጠባቂው፣ ጋሼ ለመጪው ማክሰኞ የጠየቁትን ጥራዝ ከአራት ቀን በፊት አውርዶ ጠረጴዛቸው ላይ እንዳኖረላቸው ተናገረ። አንባቢው በዚያ በሚያምር ድምፁ አዘነላቸው።

«በየማለዳው ጽፈው ትኩስ ትኩሱን ነበር የሚሰጡኝ» አለ።

ከሰዓት በኋላ መርማሪዋ ሦስቱንም ስቱዲዮ ሰበሰበቻቸው።

«ጋሼ የሚሠሩት ሳምንት ቀድመው ነው» አለች። «የዛሬው ገጽ ባለፈው ማክሰኞ ተተይቦ አልቋል። የዛሬን ጥራዝ ፍለጋ መሰላል ላይ ምን ያወጣቸዋል? ጥራዙን እዚያ ያኖረው ገዳያቸው ነው። የምትተይበውና ጥራዝ የሚያወርደው አሠራራቸውን ያውቃሉ። የማያውቀው አንድ ሰው ነው፤ ወረቀቱ በዕለቱ ጠዋት የሚደርሰው።»

ከዚያም ጠረጴዛው ላይ ያለው የመጪው ማክሰኞ ጥራዝ አንድ ቅጠል እንደተገነጠለ ነገረቻቸው። «ምን እንደነበረበት የሚያውቅ አለ?»

አንባቢው ቀስ ብሎ ወደ ጸሐፊዋ ዞረ። ያም ሆኖ ቦርሳዋን ከፍታ የተየበችውን የዚያን ገጽ ቅጂ አወጣች።

መርማሪዋ ወረቀቱን ለአንባቢው ሰጠችው። «ያንብቡልን።»

«የዛሬ ሃያ ሁለት ዓመት በዚህ ቀን ጀልባ ሰጠመ፤ ሠላሳ አንድ ሰው አለቀ፤ ነጂው ግን...» እዚህ ሲደርስ ድምፁ ተቆረጠ።

«ነጂው እኔ ነበርኩ፤ ቀድሜ ዘለልኩ» አለ። «ጋሼ ፎቶዬን ከጋዜጣው አግኝተው፣ አንተው ራስህ አንብበው አሉኝ። እንዴት ብዬ?»

ጸሐፊዋ ወረቀቱን ተቀበለችውና ካቆመበት ቀጥላ የሟቾቹን ስም አንድ በአንድ ማንበብ ጀመረች።