አርባ ላይ የቆመው ጠቋሚ

«ስድሳ ዘጠኝ፣ ሰባ፣ ሰባ አንድ፣ ሰባ ሁለት።»

ሁለተኛው የኪሎ ሜትር ድንጋይ በቀኝ በኩል ሽው ብሎ አለፈ። ልጅቷ ከእናቷ ጀርባ ተለጥፋ፣ የሄልሜቷን መስታወት ገለጥ አድርጋ የእጅ ሰዓቷን ደግማ አየች። ሰባ ሁለት ሰከንድ። ትናንትም ሰባ ሁለት፣ ከትናንት ወዲያም ሰባ ሁለት። በእናቷ ትከሻ ላይ አንገቷን አስግጋ የሞተሩን የፍጥነት መለኪያ ስታይ ግን ጠቋሚው አርባ ላይ ፍንክች ሳይል ቆሟል።

የፊዚክስ መምህሩ ይህን የቤት ሥራ የሰጡት ለጨዋታ ያህል ነበር። «የምትሄዱበትን ነገር ፍጥነት ራሳችሁ ለኩ፤ ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ብለው። በአርባ የሚሄድ ሞተር አንድ ኪሎ ሜትር ለመጨረስ ዘጠና ሰከንድ ይፈጅበታል። በሰባ ሁለት ሰከንድ የሚጨርሰው በሃምሳ የሚሄድ ነው። እንግዲህ ከሁለቱ አንዱ ይዋሻል፤ ወይ ሰዓቱ፣ ወይ መለኪያው። ችግሩ ሁለቱንም የሠሯቸው አያቷ መሆናቸው ነው።

አያቷ፣ የእናቷ አባት፣ ዕድሜ ልካቸውን ሰዓት ሠሪ ነበሩ። ሰው ሁሉ ሰዓቱን ከስልኩ ላይ ማየት ሲጀምር ሱቃቸው ጭር አለና አምና ዘጉት። ከዚያ ወዲህ የሥራ ጠረጴዛቸውን ሳሎኑ መስኮት ሥር ዘርግተው፣ የሚጠገን ነገር ሳይኖር ወረንጦአቸውን ሲወለውሉ ይውሉ ነበር። ዝምታቸው ቤቱን ሁሉ ከብዶት ነበር። ከሦስት ሳምንት በፊት የሞተሩ መለኪያ ጠቋሚ መንቀጥቀጥ ሲያበዛ ግን «እስቲ አምጪው» አሏት እናቷን። ጎረቤታቸው «ሲያረጁ አምባር ይዋጁ! ደግሞ ወደ ሞተር ገቡ?» ብሎ ቢያሾፍባቸው ጆሮ ዳባ ልበስ አሉት። በመለኪያው ውስጥ ያለችውን እንደ ፀጉር የቀጠነች ሞላ ጠበቅ አድርገው፣ ጠቋሚውን ዜሮ ላይ ቀጥ አድርገው መለሱት።

«የሚንቀጠቀጥ ጠቋሚ ነፍሴ አትወድም» አሉ። በዚያን ቀን ራት ላይ ሦስት ቀልድ ነገሩ፤ በሦስቱም ማንም ሳይቀድማቸው ራሳቸው ሳቁ። ልጅቷ እንዲያ ሲስቁ ካየቻቸው ዓመት አልፏት ነበር።

ለዚህ ነው ውሸታሙ ሰዓቱ እንዲሆን የተመኘችው። ትናንት ከሬዲዮ ጋር አመሳከረችው። አንዲት ሰከንድ እንኳ አላዛነፈም።

«እማ፣ ኩርባው ጋ ቀስ በይ፣ በናትሽ!» አለች ወደ እናቷ ጆሮ ጠጋ ብላ።

«እናቴ ደግሞ ምን አደረገችሽ? በአርባ እኮ ነው የምሄደው! ማን ነው ትራፊክ ፖሊስ ያደረገሽ?»

ኩርባው ላይ ጠጠር ተበትኗል። የኋላው ጎማ ድንገት ወደ ጎን ሸተት አለ። እናቷ እግሯን መሬት ላይ እየጎተተች እንደምንም አቃናችው። ሞተሩን መንገዱ ዳር አቆመችው።

እናቷ ነርስ ናት። በየቤታቸው የተኙ ሕሙማንን በሞተር እየዞረች ቁስል ታጥባለች፣ መርፌ ትወጋለች። ሞተሯ ላይ ስትወጣ አሥር ዓመት ትቀንሳለች ይሏታል። አሁን ግን ጓንቷን አውልቃ የገዛ እጇን እንደ ሌላ ሰው እጅ ታየው ጀመር።

«በአርባ ነበርኩ» አለች። «ይህችን ኩርባ በአርባ ስንት ዓመት ዞሬያታለሁ። በዚህ ወር ሲያንሸራትተኝ ሦስተኛዬ ነው። እኔ ነኝ የደከምኩት፤ ሌላ ምንም አይደለም።»

ልጅቷ አፏን ከፈተች። የአያቷ ሳቅ ትዝ አላትና መልሳ ዘጋችው። «ጠጠሩ ነው እማ» ብቻ አለች።

ከትምህርት ቤት እንደተመለሰች ቦርሳዋን ሳታወርድ ከአያቷ ጠረጴዛ ፊት ቆመች።

«አባባ፣ አንድ ነገር ልነግርዎት ነበር፤ እንዳይከፋዎት ብቻ።»

«‹እንዳይከፋዎት› ተብሎ ተጀምሮ ያላስከፋኝ ወሬ የለም። በይ ንገሪኝ።»

ደብተሯን ዘረጋችላቸው። አያቷ ቁጥሮቹን በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ። «ስንት ቀን ለካሽ?»

«ሦስት።»

«በየትኛው ሰዓት?»

እጇን ዘረጋች። ሌላ ሰዓት ቢሆን ኖሮ ይከራከሩ ነበር። ይህንን ግን ራሳቸው ናቸው የሠሩት፤ ያውቁታል።

«ሞላዋን አጥብቄያታለሁ» አሉ ዝግ ብለው። «ሞላዋ በጠበቀች ቁጥር ጠቋሚውን ወደ ኋላ ታስቀረዋለች። ሞተሩ በሃምሳ ሲሄድ እሱ አርባ ይላል። እንደ ሰዓት ነው ያሰብኩት። ወይኔ! ልጄን…» ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሱትም።

አንጀቷን በሉት። «ማንም ይሳሳታል እኮ አባባ።»

«ስሚኝ። አሁኑኑ ፈትቼ አስተካክለዋለሁ። እናትሽ ግን አትስማ፤ ሆድ ይፍጀው። የቀረችኝ ሥራ ይህቺው ናት። ይህችንም አበላሸ ከተባልኩ ከእንግዲህ ማን ምን ያምነኛል?»

«እሺ» አለች። እሺ ማለቱ ቀለላት። መለኪያው ይስተካከላል፣ እማ አትወድቅም፣ አባባም አያፍሩም። ማን ተጎዳ?

አመሻሹ ላይ ውኃ ልትጠጣ ወጥ ቤት ስትገባ እናቷ ጠረጴዛው ላይ አቀርቅራ ትጽፋለች። ልጅቷ ከኋላዋ ሆና አነበበችው። ማመልከቻ ነበር፤ «በዕድሜዬ ምክንያት ሞተር መንዳት ስለከበደኝ ወደ ካርድ ክፍል እንድዛወር» ይላል።

«ካርድ ክፍል? እማ፣ አንቺ እኮ አምስት ደቂቃ ቁጭ ማለት አትችዪም!»

«እለምደዋለሁ። ዛሬ ከኋላዬ የነበርሽው አንቺ ነሽ። ብጥልሽስ? ሰው ልኩን ማወቅ አለበት፣ የኔ ማር።» ፈገግ ለማለት ሞከረች፤ ዓይኖቿ ግን እንባ አቅርረዋል። «ያቺ ከአልጋ የማትወርድ አሮጊት አለች አይደል? ገና የሞተሩን ድምፅ ስትሰማ ነው ‹መጣችልኝ› የምትለው። ለእሷ ምን ብዬ እንደምነግራት ነው የጨነቀኝ።»

ልጅቷ ብርጭቆውን ውኃ ሳትቀዳበት መልሳ አስቀመጠችው። መለኪያው ነገ ልክ ይሆናል። እናቷ ግን አርጅቻለሁ ብላ እንዳመነች ትቀራለች። አሁን እዚሁ መናገር ትችል ነበር። ከአያቷ ጀርባ ማውራቱ ግን አስጠላት። ወደ ሳሎን ተመለሰች።

አያቷ መለኪያውን ከሞተሩ ፈትተው አምጥተው፣ ማጉያቸውን ዓይናቸው ላይ ሰክተው ሥራ ጀምረዋል።

«አባባ፣ ‹እሺ› ያልኩትን ትቼዋለሁ።»

«ምን ሆንሽ ደግሞ?»

«እማ ማመልከቻ እየጻፈች ነው። ሞተር ልትተው ነው፤ አርጅቻለሁ ብላ።»

ወረንጦው እጃቸው ላይ ቀረ።

«እርስዎ ካልነገሯት እኔ እነግራታለሁ። ግን ከእርስዎ ብትሰማው ይሻላታል።» ወደ ጠረጴዛው ጠጋ አለች። «እኔ እንደሆነ ምንም ቢሆን እወድዎታለሁ አባባ።»

 አያቷ ማጉያውን ከዓይናቸው ነቀሉና ጠረጴዛውን ተደግፈው ተነሱ። ክንዳቸውን ልትይዝ ስትል «ተዪኝ፣ የገዛ ወጥ ቤቴ አይጠፋኝም» አሏት። በሩ ላይ ሲደርሱ ግን ቆሙ። ልጃቸው አቀርቅራ ስትጽፍ ትንሽ አዩአት።

«ሚጣ» አሉ። እናቷን እንዲህ ብለው ሲጠሯት ልጅቷ ሰምታ አታውቅም። «እስክሪብቶውን አስቀምጪና ስሚኝ። አንቺ ምንም አልሆንሽም።»

ልጅቷ ለአያቷ ወንበር ሳበችላቸው፤ እሷም ከአጠገባቸው ተቀመጠች።