ፈለቀ ያላየው መጨረሻ

በጃንሆይ ጊዜ እኛ ዲላዎች ቴሌቪዥንን የምናውቀው በወሬ ነበር። ወሬውን የሚያመጣልን ደግሞ የጋሽ ኡስማን የጭነት መኪና ረዳት ፈለቀ ነው። ቡና ጭነው አዲስ አበባ ይሄዳሉ፤ ሲመለሱ እሱ ድራማ ይዞልኝ ይመጣል። «ይዞልኝ» ያልኩት አምልጦኝ አይደለም። ለሰፈሩ ሁሉ የሚያወራ ይመስላል እንጂ ዓይኑ ከእኔ ላይ አይነሳም ነበር።

እኔ አትጠገብ፣ የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴው የአቶ ተክለጻድቅ ልጅ ነኝ። በአባቴ ሱቅ በረንዳ ላይ ልብስ እሰፋለሁ። ፈለቀ ከመኪናው ዘሎ ይወርድና መርካቶ አጠገብ ባለ ሆቴል፣ በመስኮት ተንጠራርቶ ያየውን ደጃፋችን ላይ ቆሞ ይተርክልኛል።

ድራማው ቅዳሜ ቅዳሜ የሚቀጥል፣ ወርቂቱ ስለምትባል ልጅ ነው። ይቺ ልጅ ያልደረሰባት መከራ የለም። ቤቷ ተቃጠለ። አመዱ አጠገብ ቁጭ አለችና «እሺ፣ ምን ቀረኝ?» አለች። አንድ ብረት ድስት ቀርቷታል። በዚያ ድስት ሽሮ እየሠራች ለቀን ሠራተኞች መሸጥ ጀመረች። ድስቱ ተሰረቀ። «እሺ፣ ምን ቀረኝ?» ደንበኞቿ ቀርተዋታል፤ እነሱ ሌላ ድስት አመጡላት።

እኔም ለመደብኝ። መርፌ ሲሰበርብኝ «ምን ቀረኝ?»፣ ቀሚስ አጥብቤ ባለቤቷ ስትጮህብኝ «ምን ቀረኝ?» እላለሁ። አባቴ «ደግሞ ምን ታነበንቢያለሽ?» ይለኛል።

እንዲህ እያልን ሳለን የወናጎው ቡና ነጋዴ ደበበ ሽማግሌ ላከብኝ። ሚስቱ የሞተችበት፣ የተከበረ ሰው ነው። ክፉ አይደለም፤ እኔ ግን አልወደውም፣ አለቀ። አባቴ «እሁድ መልስ እሰጣለሁ ብያቸዋለሁ፤ እስከዚያ አስቢበት» አለኝ። አስቢበት ማለት እሺ በይ ማለት እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን።

እኔና ፈለቀ እስከዚያ ቀን እወድሻለሁ፣ እወድሃለሁ ተባብለን አናውቅም። እሱ ጌዴኦ ነው፣ የሚሲዮን ጸሎት ቤት ያሳደገው። እኔ ደግሞ ማርያም ደጅ ያደግኩ። ዝም ብለን መተያየት ብቻ ነበር የለመድነው።

ሐሙስ ዕለት መኪናው ቆመ። ፈለቀ እንደ ወትሮው ዘሎ አልወረደም።

«የመጨረሻው ክፍል ታየ» አለኝ፣ መሬት መሬት እያየ።

«ወርቂቱ ምን ሆነች?»

«አባቷ ለሀብታም ሊድራት ነው። ሽማግሌዎቹ ፊት አስጠራት።»

እግሬን ከስፌት መኪናው ላይ አነሳሁ።

«እና ምን አለች?»

ኮፍያውን አወለቀ፣ መልሶ አደረገ።

«እሺ አለች» አለኝ በመጨረሻ። «የአባቷን ቃል አከበረች። ተዳረች።»

«ምን ቀረኝ አላለችም?»

«አላለችም።»

ወደ መኪናው ሄደ። እኔም ገባኝ፤ ገባኝ ብዬ ነው እንግዲህ። ይሄ ሰው የሚነግረኝ ስለ ወርቂቱ አይደለም፣ አግቢና አርፈሽ ተቀመጪ እያለኝ ነው አልኩ። አንጀቴ ተቃጠለ። ማታ ራት ላይ «አባባ፣ እንዳልክ ይሁን» አልኩት። አባቴ መረቀኝ። ምርቃቱ እንደዚያ ቀን ከብዶኝ አያውቅም።

ቅዳሜ ጠዋት ጋሽ ኡስማን የተቀደደ የመኪና ሸራ ላሰፋ ብሎ መጣ። እየለካሁ «ጋሽ ኡስማን፣ ያቺ ወርቂቱ ግን ምን ነክቷት ነው እሺ ያለችው?» አልኩት።

«ማን? እሺ አለች ያለሽ ማነው?»

«ፈለቀ ነዋ።»

«ኧረ ወዲያ! ልክ አፏን ልትከፍት ስትል መብራት ሄደ እኮ! ሆቴሉ በጩኸት ቀለጠ። ያ ጉደኛ ፈለቀ ደግሞ የሆቴሉን ባለቤት ይዞ ‹ሻማ አብሩበትና ይቀጥል!› ሲል በሳቅ ገደለን። ቴሌቪዥን በሻማ!»

ሸራው ከእጄ ወደቀ። ነጠላዬን አጣፋሁና ከከተማው ወጣ ብሎ እስካለው ጪጩ ድረስ በእግሬ ገሰገስኩ፤ መኪናው እዚያ ቡና ሲጭን ፈለቀን አገኘዋለሁ ብዬ። አገኘሁትም። ጆንያ ተሸክሟል።

«መብራት ሄደ፣ አይደል?» አልኩት።

ጆንያውን አወረደ። «አትጠገብ…»

«ለምን ዋሸኸኝ?»

«ደበበ ሽማግሌ መላኩን ሰማሁ። እሱ ቤት አለው፣ መሬት አለው። እኔ በሰው መኪና ላይ ተንጠልጥዬ የምኖር ሰው። በዚያ ላይ አባትሽ ለሚሲዮን ልጅ አይሰጥሽም። በከንቱ ተስፋ አድርገሽ እንዳትጎጂ ብዬ ነው።»

«ለእኔ ብለህ ነው በለኛ!»

ቀና ብሎ አየኝ። «አይደለም። ፈርቼ ነው። እምቢ አለች ብልሽና አንቺም እምቢ ብትይ፣ ቀጥሎ ወደ እኔ ነው የምታዪው። ያኔ ምን እመልስልሻለሁ ብዬ ፈራሁ።»

«ትወደኛለህ ወይስ አትወደኝም? አሁን የጠየቅኩህ ድራማ አይደለም!»

ቡና የሚሰፍሩት ሁሉ ሥራቸውን ትተው ያዩናል። ይዩ!

«እወድሻለሁ» አለ። «ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ። ግማሹን ክፍል እኮ አላየሁትም፤ ደጃፍሽ ላይ ለመቆም ስል ከራሴ እየፈጠርኩ ነው የነገርኩሽ። ድስቱን ያሰረቅኩባት እኔ ነኝ።»

በጥፊ ላጮለው እጄን አነሳሁ፤ እንባዬ ቀደመኝ።

«እኔ እኮ እሺ ብያለሁ፣ አንተ ሰውዬ! ነገ ከቅዳሴ በኋላ የደበበ ሽማግሌዎች መልስ ሊቀበሉ ይመጣሉ።»

ፊቱ አመድ መሰለ። ከዚያ ኮፍያውን አጥብቆ አደረገ። «እንግዲያውስ የእኔዎቹ ይቀድማሉ» አለ።

እሁድ ዝናቡ ያለ ይሉኝታ ይወርዳል። ከቅዳሴ እንደተመለስን ከመስኮቱ አልተነቃነቅኩም። በመጨረሻ ጋሽ ኡስማንና የፈለቀ አጎት ሙሉካ ጭቃውን እየረገጡ መጥተው ደጃችን ላይ ቆሙ። ፈለቀ ማዶ መኪናው አጠገብ ቀርቷል። ሁለት ብቻ! ሽማግሌ ሦስት ሆኖ ነው የሚመጣው። ሦስተኛው የአባቴ ወዳጅ አቶ ከፈለኝ ነበር፤ ማታ እሺ ብሎ፣ የእሱን ቡና የሚገዛው ደበበ መሆኑ ትዝ ሲለው ጠዋት አሞኛል ብሎ ተኛ።

አባቴ በሩን ከፈተ።

«ለፈለቀ ልጅዎን ልንጠይቅ ነው የመጣነው» አለ ጋሽ ኡስማን። «እሺ እስኪሉን አንቀመጥም።»

አባቴ ቆጠራቸው። «ሁለት ሆናችሁ? የሰው ልጅ እንዲህ ነው የሚጠየቀው? ሦስተኛ የሚሆን ሰው የጠፋለት ልጅ፣ ነገ ልጄን ችግር ቢገጥማት ማን ይቆምላታል?»

ሙሉካ ባርኔጣውን በእጁ ያሽከረክራል። አባቴ በሩን ሊዘጋ ያዘ። በዚያው ቅጽበት የወናጎዎቹ መኪና ክላክስ ከታች በኩል ተሰማ።

አለቀ፣ አልኩ በልቤ። ቃሌን ሰጥቻለሁ፣ ከፈለኝ ከድቷል፣ እነዚያም ደረሱ። እሺ፣ ምን ቀረኝ?

እግሬና ምላሴ ቀርተውኝ ነበር።

በአባቴ ክንድ ስር ሾልኬ ወጣሁ። ባዶ እግሬን በጭቃው ውስጥ ሄጄ በጋሽ ኡስማንና በሙሉካ መሃል ቆምኩ። ዞሬም ሽማግሌ እንደሚያደርገው ለአባቴ እጅ ነሳሁ።

«ሦስተኛዋ እኔ ነኝ፣ አቶ ተክለጻድቅ» አልኩ። «ልጅዎን አትጠገብን ለፈለቀ እንዲሰጡልን ነው የመጣነው።»

ጋሽ ኡስማን «ያ ረቢ!» አለ።

አባቴ በሩን እንደያዘ ቀረ። ከዚያ፣ እንግዳ እንደሚያናግር፣ «ልጄ ለሌላ ሰው እሺ ብላለች» አለኝ።

«መብራት ጠፍቶባት ነው፣ ጌታዬ። አሁን መጥቶላታል።»

«ብከለክላትስ?»

«ቃልዎን ታከብራለች፤ ግን ዕድሜዋን ሙሉ ታዝናለች። እኛ ደግሞ ዝናብም ቢሆን ከዚህ አንሄድም።»

የወናጎዎቹ ሽማግሌዎች ጥላ ዘርግተው ከመኪና ወረዱ። አባቴ እነሱን አየ፣ እኛን አየ፣ ጭቃ የዋጠውን እግሬን አየ። ፀጉሬን ያጠበ፣ እናቴ ከሞተች ወዲህ ለብቻው ያሳደገኝ ሰው ነው።

ለወናጎዎቹ ዝቅ ብሎ እጅ ነሳ። «ይቅርታ አድርጉልኝ፣ በደሉ የእኔ ነው። ልጄን በደንብ ሳልጠይቃት ነው ተስፋ የሰጠኋችሁ» አላቸው። ከዚያ ወደ እኛ ዞሮ «ግቡ» አለ።

ጋሽ ኡስማንንና ሙሉካን ሃይማኖት፣ ሥራ፣ ዘመድ እያነሳ እስከ ምሳ አፋጠጣቸው። በመጨረሻ «ከፋሲካ በኋላ ኑ፣ የሰርጉን ቀን እንቆርጣለን» አለ። እኔ ጥግ ቁጭ ብዬ እንባዬን እጠርጋለሁ። ሊወጡ ሲነሱ በጣቱ ወደ እኔ አመለከተ።

«ስትመጡ ግን ሦስተኛውን ሽማግሌ ቀይሩልኝ፤ ይቺኛዋ አስቸገረችኝ።»

ከፋሲካ በኋላ ተጋባን። የድራማውን መጨረሻ ያየ ሰው እስከ ዛሬ አላገኘንም። ልጆቻችን «ወርቂቱስ ምን አለች?» ብለው ሲጠይቁት ፈለቀ «እናታችሁን ጠይቁ» ይልና ወደ እኔ ዞሮ ይስቃል።