በየደረጃው አንድ ከረሜላ

ፈጥሬ የምጽፈው ቢሆን ኖሮ ራሴን ጀግና አደርግ ነበር። የምነግራችሁ ግን የሆነውን ነው...

አሜሪካ፣ ዱሉዝ ከተማ። የጥር ወር፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት። ውጭው በረዶ ብቻ ነው።

ሥራዬ ውሻ ማሠልጠን ነው። ውሻው የፈለግኩትን ሲያደርግ፣ በእጄ የያዝኳትን ትንሽ መሣሪያ "ቀጭ" አደርጋትና ብስኩት እሰጠዋለሁ። ዛሬ አንድ እርምጃ፣ ነገ ሁለት... እንዲህ እያልኩ ወደፈለግኩበት እወስደዋለሁ።

ልጄ ኤልሲ አምስት ዓመቷ ነው። ይኼን ቤት ከተከራየን ጀምሮ ወደ ምድር ቤቱ ደረጃ የሚያወርደውን በር እየከፈተች አስቸገረችኝ። ሰኞ ዕለት ተናድጄ እጇን መታኋት።

ከዚያ ወዲያ በሩ አጠገብ አላየኋትም። ተማረች ብዬ ደስ አለኝ።

እንዴት ያለሁ ሞኝ ነኝ። ውሻችሁን ስትመቱት የሚማረው መደበቅን ብቻ ነው ብዬ ለሰው ሁሉ የምናገረው እኔ ነበርኩ።

ሐሙስ ዕለት ዕቃ እያጠብኩ ሰማሁት።

ቀጭ...

ኪሴን ዳሰስኩ። መሣሪያዬ እዚያው አለች።

ቀጭ...

ድምፁ የመጣው ከታች ነው።

የምድር ቤቱ በር ገርበብ ብሏል። ኤልሲ ደረጃው ላይ ጀርባዋን ሰጥታኝ ቆማለች። ዞር ስትል ጉንጯ በከረሜላ አብጧል።

እኛ ቤት ከረሜላ የለም።

"ኤልሲዬ... ነይ ወደ ላይ" አልኳት በሹክሹክታ።

"ቀስ በይ እማ። ስትጮሂ ይደበቃል።"

"ማን?"

"ከታች ያለው።"

"ከረሜላውን እሱ ነው የሰጠሽ?"

"አንድ ደረጃ ስወርድ ነዋ። በፊት ሁሌ ይሰጠኝ ነበር። አሁን አንዳንዴ ይሰጠኛል፣ አንዳንዴ ይከለክለኛል።"

እኔም የማደርገው እንደዚያ ነው... ውሻው ሳይሰለች ዕድሜ ልኩን እንዲሞክር ስፈልግ።

"ስንተኛው ላይ ነሽ?"

"ስድስተኛው። የቀረኝ ትንሽ ነው።"

ከእግሯ በታች ድቅድቅ ጨለማ ነው። እዚያ ውስጥ አንድ ነገር በረጅሙ ተነፈሰ...

ሮጬ ወርጄ አቀፍኳት። ልጄ ነከሰችኝ። ሁለት እጇን የደረጃው መደገፊያ ላይ አጣብቃ አልላቀቅ አለች።

ቀጭ...

ኤልሲ ወዲያው ተረጋጋች።

"ይኼኛው ላንቺ ነው እማ" አለችኝ። "ስለወረድሽ።"

ሰባተኛው ደረጃ ላይ ሁለት ከረሜላ ተቀምጧል።

ልጄን ይዤ ወደ ላይ ልሮጥ ነበር... እምላለሁ፣ ያሰብኩት እሱን ብቻ ነው።

ቁልቁል ሳይ ግን እግሬ ሰባተኛው ደረጃ ላይ ነበር።