የእትዬ ታንጉት ምስል

ምንታምር ጠዋት ቢሮ ስትገባ ከሁሉ አስቀድማ ሰላም የምትለው የእትዬ ታንጉትን ምስለ ሰው ነበር። እትዬ ታንጉት ራሳቸው በዚያ ሰዓት ምሥራቅ ማዶ ካለው ቤታቸው ደጅ ጎመን ይኮተኩታሉ፤ ምስላቸው ደግሞ በጥናት ተቋሙ የመስታወት ግድግዳ ላይ ነጠላ አጣፍቶ ይቀመጣል። ምስለ ሰው ማለት የአንድ ሰው ንግግር፣ ጠባይና ትዝታ ጆሮ ላይ በምትለጠፍ ትንሽ መሣሪያ እየተቀዳ የሚሠራ፣ ባለቤቱን ወክሎ ለጥያቄ መልስ የሚሰጥ ነው። ሁለት ማዶ በምትባለው ከተማ ምስል የሌለው ነዋሪ የለም። የወንዙ ግራና ቀኝ ተጣልተው ድልድዩ ከተዘጋ ወዲህ፣ መጠይቅ ይዞ ቤት ለቤት የሚዞር አጥኚ ወይ ሰላይ ይባላል ወይ ይደበደባል። ምስል ግን አይደባደብም። ተቋሙም በወንዙ መሐል ባለች ደሴት ላይ ስለሆነ ማንም የእኔ ነው አይለውም።

የዚያን ቀን ጥያቄ አዲስ አልነበረም። ድልድዩ አጠገብ አንድ የወሊድ ሆስፒታል ይሠራና የሁለቱም ማዶ እናቶች ይገልገሉበት ወይ? በየዓመቱ ይጠየቃል። በየዓመቱ ምስሎቹ አንፈልግም ይላሉ፤ ምንታምርም «ሕዝቡ አይፈልግም» ከሚለው ጥናት ሥር ትፈርማለች።

«እትዬ፣ እንዴት አደሩ? ስለ ሆስፒታሉ ልጠይቅዎት ነበር።»

«ምነው ልጄ፣ ተነጋግረን ጨረስን እኮ» አለ ምስሉ በእትዬ ታንጉት ድምፅ።

«መቼ?»

«ከልሳኑ ጋር ሆነን ነዋ! አልቅሶ ይቅርታ ጠየቀኝ፣ እኔም ይቅር አልሁት። ሆስፒታሉ ይሠራ ብለን ተስማማን።»

ምንታምር ደነገጠች። ልሳኑ የምዕራብ ማዶ ሰው ነው። የእትዬ ታንጉት ልጅ ብርነሽ ምጥ ይዟት ወደ ምዕራብ ማዶ ሐኪም ቤት ልትሻገር ድልድዩ ላይ ስትደርስ፣ «ከዚያ ማዶ የመጣ አያልፍም» ብሎ የመለሳት ጠባቂ እሱ ነበር። ብርነሽ እዚያው ደም ፈሷት ሞተች። ደግሞስ ምስሎች እርስ በርስ መቼ ይተዋወቃሉ? እያንዳንዱ ለብቻው ተቆልፎበት ነው የሚኖረው።

ብልሽት መሰላት። የምስሉን ትዝታ ከፍታ ስትመረምር ግን ተቆርጦ የወጣ ቦታ አገኘች፤ ቆራጩ ቸኩሎ ኖሮ ጥቂት ቃላት ተርፈውታል። የልሳኑን ምስል ከፈተች፤ እሱም ተቆርጧል። የሌሎቹን ከፈተች፤ ያው ነው። ሁሉንም የከፈተው ቁልፍ አንድ ነበር፦ የፕሮፌሰር አዝመራው ድምፅ።

ፕሮፌሰር አዝመራው ተቋሙን ያቋቋመ፣ እሷን ያስተማረ ሰው ነው። አባቷ ሞተው ስለነበር ሰርጓ ላይ በአባት ቦታ ቆሞ መርቆ የዳራት እሱ ነበር። ቢሮው ስትገባ ፊቷን አይቶ መነጽሩን አወለቀ።

«ደረስሽበት?» አላት።

«ምስሎቹን እያገናኙ ያነጋግሯቸዋል?»

«ሰዎቹ ቢገናኙ ምን እንደሚሉ ለማወቅ አነጋግራቸዋለሁ። መጀመሪያ ይሰዳደባሉ፣ ከዚያ ይላቀሳሉ፣ ከዚያ ይስማማሉ። ሁልጊዜ ይስማማሉ፣ ምንታምር።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ አጠፋዋለሁ።»

«ለምን?»

«የሁለቱም ማዶ ምክር ቤቶች ጠየቁኝ። እነዚያ ሰዎች በሌላ በምንም ተስማምተው አያውቁም፤ በዚህ ግን አንድ ናቸው። ሕዝቡ ከታረቀ ማን ይሰማቸዋል? እምቢ ብላቸው ተቋሙን ይዘጉት ነበር። ጥናቱ ከሚሞት ብዬ ነው።»

«የቱ ጥናት? እኔ የፈረምሁበት ውሸት?» «ለምን በእኔ ስም? ከእኔ ስም የእርስዎ አይበልጥም ነበር?»

ወደ መስኮቱ ዞረ። «አባትሽ የምሥራቅ ሰው ነበሩ፣ እናትሽ የምዕራብ ናቸው። አንቺ የፈረምሽበትን ሁለቱም ያምኑታል። ገና ተማሪ ሳለሽ ነው የመረጥሁሽ።»

ያስተማራት፣ የመከራት፣ የሰርጓ ዕለት ግንባሯን የሳማት፣ ሁሉም ለዚህ ኖሯል? ሳትሰናበተው ወጣች።

በጀልባ ወደ ምሥራቅ ማዶ ተሻግራ፣ እየጠየቀች እትዬ ታንጉት ቤት ደረሰች። ከምስላቸው ይልቅ አጠር ያሉ፣ ፊታቸው የጠቆረ ሴት ነበሩ። ሁሉንም ነገረቻቸው። ደስ ይላቸዋል ብላ ነበር።

«ምስሌ ይቅር አለችው?» አሉ እትዬ ታንጉት ቀስ ብለው።

«አዎ፣ እርስዎን ሆና…»

«እኔን ሆና? ብርነሽን አምጣ ወልዳታለች? አፈር አልብሳታለች? በማን ልጅ ደም ነው ይቅርታ የምታድለው?» መሣሪያዋን ከጆሯቸው ነቅለው መሬት ላይ ወረወሯት።

«እትዬ፣ እኔም እኮ ተከድቻለሁ» አለች ምንታምር።

«አንቺም ከድተሻል። ይኸን ሁሉ ዓመት ታንጉት እንዲህ አለች እያልሽ ስትጽፊ፣ አንድ ቀን መጥተሽ በሬን አንኳኩተሻል?»

ምንታምር አንገቷን ደፋች። እትዬ ታንጉት የወረወሩትን መሣሪያ በእግራቸው ገፋ አድርገው፣ «ሆስፒታሉን ግን እፈልገዋለሁ» አሉ።

«ይቅር ሳይሉት?»

«እስክሞት ይቅር አልለውም። የሱ ልጅ ምጥ ሲይዛት ግን የእኔዋ በቀረችበት እንድትቀር አልሻም። ይኸን ለማለት መታረቅ አለብሽ ያለኝ ማነው?»

ምክር ቤቶቹ ጥላቻን ብቻ ፈለጉ። ምስሎቹ የሚያውቁት ወይ መጣላትን ወይ መታረቅን ነው። እሷም በተማረችው ሁሉ ውስጥ፣ ቂሙን እንደያዘ ለጠላቱ ልጅ የሚያስብ ሰው ይኖራል ብላ አስባ አታውቅም።

ያወቀችውን በአደባባይ ተናገረች። ምሥራቁም ምዕራቡም በአንድ ቀን ከሃዲ አላት። ፕሮፌሰር አዝመራው ምስሎቹን ያበላሸችው እሷ ናት ብሎ መሰከረ፤ ሲመሰክር አንድ ጊዜም ቀና ብሎ አላያትም። ከሥራዋ ተባረረች።

ጥቂት ቆይታ ምዕራብ ማዶ ሄዳ የአንድ ሰው ቤት ጠየቀች። በሩን የከፈተው ጠጉሩ የሸበተ፣ ትከሻው የጎበጠ ሰው ነበር።

«ምን ፈለግሽ?»

«አቶ ልሳኑ፣ ምንታምር እባላለሁ። ስለ ሆስፒታሉ ምን እንደሚያስቡ ከእርስዎ ከራስዎ ልሰማ ነው የመጣሁት።»

«የልጅቷ እናት ምን አሉ?»

«ይሠራ ብለዋል። እርስዎን ግን ይቅር አላሉም።»

ልሳኑ የበሩን መቃን ያዘ። «እኔም ሄጄ ይቅር በሉኝ አልልም። በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ? መሠረቱ የሚቆፈር ቀን ግን ጥሪኝ፤ ድንጋይ እሸከማለሁ።»

በሩን ዘጋባት።