ያልጸናው ትዕዛዝ

በምስጢር ስሙ «ሸማኔ» የሚባለው ሰላይ ፍላሹን ኮምፒውተሩ ላይ ሰካ። የኤርፖርቱ ዳታቤዝ ክፍል ሠራተኞች ምሳ ወጥተዋል። እሱ ደረቱ ላይ የጥገና ባለሙያ ባጅ አንጠልጥሏል። ባጁ የውሸት ነው። በሩ ላይ የቆመው ጥበቃ ግን የእውነት ነው፤ ሽጉጡም።

ታች ተሰልፋ የምትጠብቅ ሐኪም አለች። እስረኞች ሲገረፉ ያየች ብቸኛ ምስክር ናት። ከአገር እንዳይወጡ ከታገዱት ጋር ተመዝግባለች። እግዱን ካላነሳላት መሳፈሪያው በር ላይ የደኅንነት ሰዎች ይዘው ይወስዷታል፤ ከዚያ ወዲያ ማንም አያያትም።

ፍላሹ ላይ ያለውን የቅንብር ፋይል ያዘጋጀው ወንድም ጋሼ ነው። በሥራ አለቃው፣ በሥጋ ታላቅ ወንድሙ። አባታቸው ከሞቱ ወዲህ ያሳደገውም እሱ ነው። የትዕዛዝ መጻፊያው ጥቁር መስኮት ሲከፈት መጀመሪያ የሚያነበው ያንን ፋይል ነው።

ትዕዛዙን ጻፈ። መስኮቱ አንድ ሰው ተስተካክሏል አለው። እፎይ አለ።

ለማንኛውም ብሎ ሌላ መስኮት ከፍቶ ስሟን አየ።

አሁንም ታግዳለች።

ምን ጉድ ነው? በአንዱ መስኮት ነፃ፣ በሌላው እግድ። ትዕዛዙን ፊደል በፊደል ፈተሸ፤ እንከን የለውም። በመጨረሻ የመጀመሪያውን መስኮት ተለዋዋጮችህን አሳየኝ አለው፤ የፕሮግራሙን ጠባይ የሚወስኑትን ቅንብሮች።

ክው አለ።

ለውጥን በራሱ የሚያጸናው ተለዋዋጭ እንዳይሠራ ተደርጓል። መስኮቱ ሲዘጋ የሠራው ሁሉ እንዳልነበር ይሆናል። እንዳይሠራ ያደረገችው መስመር ፋይሉ ግርጌ፣ ከብዙ ባዶ መስመር በታች ተወሽቃለች።

ለወንድም ጋሼ ደወለ።

«ፋይሉን ሌላ ሰው ነክቶታል?»

«ከእኔ በቀር ማንም። አለቀ?»

«አልቋል።»

«ጎበዝ። መስኮቱን ዝጋና ውጣ።»

ወንድም ጋሼ ሐኪሟን ከተደበቀችበት አባብሎ ያስወጣት ለዚህ ኖሯል። ሸጧታል። ያውም በገዛ ወንድሙ እጅ።

ጥበቃው አንገቱን አስግጎ ብዙ ይቀርሃል ወይ አለው። ጨርሻለሁ አለ፣ ፈገግ ብሎ። የማጽኛዋን ትዕዛዝ ጻፈ። በሁለተኛው መስኮት ስሟን ደግሞ አየ።

ነፃ ናት።

የሐኪሟ አውሮፕላን ሲነሳ እሱ ውጭ፣ መኪና ማቆሚያው ዳር ቆሞ ነበር። ስልኩ ጠራ።

«ምን አደረግህ አንተ?» አለ ወንድም ጋሼ። «ቃል ገብቼላቸው ነበር እኮ። ቤት እንዳትመጣ፣ እየጠበቁህ ነው። እማዬን ምን ልበላት?»

«ሞቷል በላት።»

እንባው መጣ። ሲሙን አውጥቶ ሰበረና ታክሲ ከሚጠብቁት ሰዎች መሀል ገብቶ ተሰለፈ።