በቀትር የተነሳው ምሽት

የፎቶ አንሺው ዘመኑ አስከሬን ከአሸተን ማርያም መውጫ በታች፣ ገደሉ ሥር፣ በጀርባው ተንጋሎ ተገኘ። ያገኙት ማለዳ እርሻቸውን ሊያዩ የወረዱ ገበሬዎች ናቸው። ምርመራውን እንድትመራ ከወልድያ የተጠራችው ኢንስፔክተር ሽታዬ አጠገቡ ተንበረከከች። ሟቹ በአንገቱ ላይ ቀይ የአንገት ልብስ ጠምጥሟል። ትናንት ከምሳ በኋላ የጀመረው ዝናብ ዙሪያውን ጭቃ አድርጎታል። አስከሬኑን ሲያነሱት ግን ከሥሩ ያለው አፈር ደረቅ ነበር።

«ጉዳዩ ያለቀ ነው፣» አለ የከተማው ፖሊስ ሳጅን አዳም፣ ደረቱን ነፍቶ። «ገዳዩን ይዘነዋል።»

«ሳትመረምሩ?»

«አስጎብኚው በእውቀቱ ነው። ጠዋት ሟቹን ወደ ገዳሙ ያወጣው እሱ ነው። ወደ ማታም ብቻውን ሲወጣ ታይቷል። የሟቹ ካሜራ ከላይ፣ ከአንድ ዋሻ አፍ፣ ቦርሳው ውስጥ ተገኝቷል። የመጨረሻዋ ፎቶ ይችውልዎት፤ ካሜራውን አስቀምጦ በራስ ማንሻ ራሱን ያነሳት ናት። ሲመሽ በሕይወት ነበር ማለት ነው።»

ሽታዬ ፎቶውን አየችው። ዘመኑ ገደሉ ጫፍ ላይ ቆሟል። ሰማዩ ጥቁር ሰማያዊ ነው፤ ድንጋዩ ጨረቃ የነካው ይመስላል፤ የአንገት ልብሱ ጠቁሯል። ኢንስፔክተሯ መኮንን ከመሆኗ በፊት የወንጀል ሥፍራ ፎቶ ስታነሳ የኖረች ናት። ከሰማዩ ይልቅ የሟቹን እግሮች ነበር ረጅም ጊዜ ያየችው።

ሟቹ ያረፈበት ሆቴል ውስጥ የቀድሞ ተማሪው ደሳለ ጠበቃት። ቤት ውስጥ ጥቁር ባርኔጣ ያደርጋል፤ ገና ሳይተዋወቁም «አንቺ» አላት።

«ትናንት የት ነበርክ?»

«ጠዋት ቤተ ጊዮርጊስ። ከምሳ ጀምሮ ደግሞ ዝናቡ ስላሰረን እስክንተኛ እዚሁ አዳራሽ። ሁሉም አይቶኛል። ተራራው ላይ አልወጣሁም፤ ዘመኑንም ከቁርስ በኋላ አላየሁትም። ሬሳውንም አላየሁም፤ ሬሳ ማየት አልወድም።»

ፎቶውን ሰጠችው። ዓይኑ በራ።

«ውብ ናት! ምሽቱ፣ ብቸኝነቱ፣ ያ ቀይ የአንገት ልብስ… ሽማግሌው ሊሞት ሲል ተማረ።»

«መምህርህ አልነበረም እንዴ?»

«ዕድሜ ልኩን ሰው በፀሐይ ሲስቅ ሲያነሳ የኖረ ሰው ምን ያስተምራል? የመታወቂያ ፎቶ አንሺ!» ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለ ትልቅ ፎቶ ጠቆመ። ነጠላዋን የተከናነበች ሴት በጨለማ ታለቅሳለች። «የላስታ ሐዘን። ባሏን የቀበረች ሴት፣ በጨረቃ። ኮምፒውተር አልነካትም፤ ሁሉ ነገር ካሜራው ውስጥ ያለቀ ነው። ተሸልሜባታለሁ።»

የሆቴሉ ባለቤት ወይዘሮ ፀሐይቱ ይህን ስትሰማ ሳቋ አመለጣት። ኢንስፔክተሯን ወደ ጓሮ ሳብ አደረገቻት።

«እመቤቴ፣ ሴትዮዋ እኔ ነኝ። የተቀበረው ባሌም ያውና፣ እንጨት እየፈለጠ ነው! ሽንኩርት ስከትፍ ነው ያነሳኝ፤ ያውም በጠራራ ፀሐይ። በቀደም ይህንኑ ለጋሽ ዘመኑ ነገርኳቸው፤ ፊታቸው ጠቆረ። ማታውኑ ‹ለሸላሚዎችህ አንተ ካልነገርክ እኔ እነግራቸዋለሁ› ሲሉት ሰማሁ።»

ሽታዬ ከዚያ ወደ ጣቢያው ሄደች። በእውቀቱ ሲያያት ተነስቶ ቀረባት።

«ከገዳሙ ሳደርሳቸው ‹ብቻዬን ልሥራ› ስላሉኝ ተውኳቸው። ዝናቡ አባርቶ ሳይመለሱ ሲቀሩ ልፈልጋቸው ወጣሁ። ጉሙ እጄን እንኳ አያሳየኝም ነበር። ብጣራ የሚመልስ ጠፋ። አሁን ልጆቼ አባታችሁ ነፍሰ ገዳይ ነው ሲባሉ ይውላሉ።»

በመጨረሻ ወደ ገዳሙ ወጥታ አባ ገብረ መስቀልን አገኘቻቸው።

«አባ፣ ዘመኑን አይተውት ነበር?»

«ጠዋት አይቼዋለሁ ልጄ። ብርዱ ሲያንቀጠቅጠው አንጀቴ አልችል ብሎ የራሴን ቀይ የአንገት ልብስ ሰጠሁት። ነፍሱን ይማር።»

በማግስቱ ቀትር ላይ ሽታዬ ሁሉንም በሆቴሉ ግቢ ሰበሰበች። በእውቀቱ በካቴና እንደታሰረ ቆሟል። ደሳለ ጥግ ይዞ ያፏጫል። ኢንስፔክተሯ የሟቹን ካሜራ ወደ ሰዎቹ አነጣጥራ አንድ ጊዜ ተጫነችውና ለሳጅኑ ሰጠችው።

«ምን ይታይሃል?»

ሳጅኑ አፉን ከፈተ። በጠራራ ፀሐይ የቆሙት ሰዎች ፎቶው ላይ ማታ የመሸባቸው መስለዋል።

«ካሜራውን እንደተገኘ ነው ያነሳሁበት፤ ምንም አልነካሁም። ቀለሙ ለቤት ውስጥ አምፖል ተስተካክሏል፤ ፀሐይ ላይ ሲነሳ ሁሉን ሰማያዊ ያደርጋል። ብርሃን የሚያስገባው መዝጊያ ዓይን ከመጨፈን ፈጥኖ ይዘጋል። በእውነተኛ ምሽት እንዲህ ቢነሳ የሚገኘው ድፍን ጥቁር ነው።»

«ሰዓቱስ?» አለ ደሳለ ቆጣ ብሎ። «ካሜራው የመዘገበው ሰዓት ምሽት ነው!»

«ሰዓቱን አንድ ሰው አዛብቶታል፤ አሁንም መሽቷል ይላል። ፀሐይዋ ግን አናትህ ላይ ናት። ሳጅን፣ የሟቹን ጥላ እየው። እግሩ ሥር ተኮማትሯል። ከትናንት በስቲያ ከምሳ በኋላ ዝናብ ነበር፤ ዝናቡ ሲያባራ ደግሞ ጉም። ከወዴት መጣ ይህ ጥላ? ሰውየው ቀትር ላይ ቆሞ ተነሳ፣ ዝናቡ ሳይጀምርም ወደቀ። ሥሩ ያለው አፈር የደረቀው ለዚህ ነው። በእውቀቱ ሲወጣ ሞቶ ነበር።»

«እሺ፣ ራሱ ይሆናላ ያነሳው!» አለ ደሳለ።

«ራሱ አንስቶ፣ ከሞተ በኋላ ካሜራውን ቦርሳ ውስጥ ከተተው? ደግሞስ አንተ ፎቶውን እንዳየህ ‹ያ ቀይ የአንገት ልብስ› አልክ። ሳጅን፣ ፎቶው ላይ ምን ቀለም ነው?»

«ጥቁር ነው።»

«አባ የሰጡት ከትናንት በስቲያ ጠዋት፣ እዚያው ተራራ ላይ ነው። አስከሬኑን አላየህም። ቀይ መሆኑን ማን ነገረህ?»

ደሳለ ባርኔጣውን አወለቀ። ከዚያ በትንሽ ድምፅ፣ «ይቅርታ ልጠይቅህ፣ ላንሳህ ብዬ ነው ያቆምኩት…» አለ።

«አምኖህ ነዋ የቆመው፣» አለች ሽታዬ። «ገፍተህ የጣልከውም ፎቶውን አሳምረህ ካነሳህ በኋላ ነው። ሌላው ገዳይ ዱካውን ያጠፋል፤ አንተ ዱካህን ‹የላስታ ሐዘን›ን ባነሳህበት ዘዴ አስጊጠህ ትተኸው ሄድክ። የሥራህን ቅሌት ስትደብቅ የገደልከው፣ ሙያህን ያስተማረህን ሰው ነው። ሳጅን፣ ካቴናውን ወደ ባለቤቱ አዛውረው።»

ሳጅን አዳም የበእውቀቱን እጅ ሲፈታ ቀና ብሎ ሊያየው አልደፈረም። «ይቅርታ» ለማለት ከንፈሩን አንቀሳቀሰ። በእውቀቱ አልጠበቀውም፤ ከበሩ ውጭ ወደቆሙት ልጆቹ ሮጠ።

ደሳለ በሩ ላይ ሲደርስ ሕዝቡን አየና ጃኬቱን ፊቱ ላይ ጣለ። «ፎቶ እንዳያነሱኝ ከልክሉልኝ!» ብሎ ጮኸ።

ስልኩን ያነሳ ሰው አልነበረም። ሰዉ ሁሉ ጀርባውን ሰጥቶት፣ በልጆቹ መሐል ተንበርክኮ የሚያለቅሰውን በእውቀቱን እያቀፈ ነበር።